መልስ፦ ልጄ ትምህርት ቤት ስትጨርስስ?

እህቴ፣ ዓይነ ስውር ልጅሽ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ስለምትጨርስ ከዚያ በኋላ ምን ላድርግ ብለሻል። መጀመሪያ ራሷን ጠይቂያት። ምን መማር፣ ምን መሥራት ያምራታል? ይህን ጥያቄ ሰው ሁሉ ለወላጅ ሲያቀርብ ሳይ ያሳዝነኛል።

ውጤት እስኪመጣ አትጠብቁ። ያሰበችውን ኮሌጅ አሁኑኑ አነጋግሩ። መጻሕፍቱ በብሬል ወይም በድምፅ አሉ? ለፈተና ተጨማሪ ሰዓት ይሰጣሉ? ስክሪን ሪደር፣ ማለትም በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ ካልለመደች ዛሬውኑ ትጀምር፤ ለዊንዶውስ ኮምፒውተር ኤንቪዲኤ የሚባለው በነፃ ይገኛል። ግቢውንም ክፍል ሳይጀመር በነጭ በትሯ ደጋግማ ትመላለስበት። ይሄ በጣም ይጠቅማታል።

ሥራ ከመረጠች ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 27 ስለ ሥራ ቦታ ማመቻቸት ይናገራል። ከቃለ መጠይቁ በፊት የሚያስፈልጋትን ለቀጣሪዎቹ በግልጽ ታሳውቃቸው።