የቱን በር ነው የምታንኳኩት? ስለ መብራት፣ መሬትና ውሃ ለላካችኋቸው ጥያቄዎች

ነጋዴ በመብራት፣ በመሬትና በውሃ ጉዳይ መንግሥትን እንዴት ያናግር? በዚህ ላይ ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ከላካችሁት ግማሹ እርግማን ነው፤ እሱን ለራሴ አስቀርቼዋለሁ። የቀረውን አራት ኪሎ አንዲት ጠባብ ማኪያቶ ቤት ተቀምጬ እየመለስኩ ነው። እስካሁን መብራት ሁለቴ ሄዶ መጥቷል። የቡና ማሽኑ ቀጥ ባለ ቁጥር ሰው ሁሉ ወደ እኔ የሚያይ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ዳቦ ቤት አለኝ። የመብራት ሂሳብ በየሦስት ወሩ ይጨምራል። ያም ሆኖ ሌሊት ይጠፋና ቡኮው ይበላሻል። እንደ እኔ ያለች ትንሽ ነጋዴ ምን ማለት ትችላለች?

እትዬ፣ የጠየቁኝ ሁለት ነገር ነው፤ በራቸውም ለየቅል ነው።

መጀመሪያ ዋጋው። ይሄ በየሩብ ዓመቱ የሚጨምረው ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለአራት ዓመት እንዲሄድ ተብሎ የወጣ ነው። የታሪፉን ጥያቄ መብራት አቅራቢው መሥሪያ ቤት ያቀርባል፣ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ይመረምራል፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸድቃል። ስለዚህ ቆጣሪ አንባቢው ላይ መጮህ ጉሮሮ ማድረቅ ነው። እውነቱን ልንገርዎትና «ይቀነስልን» ብለው ቢሄዱ የሚሰማዎት የለም። ታሪፉ እስከ 2011 ድረስ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይነካ ቆይቶ ነበር፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ ትራንስፎርመሩም ገመዱም የውጭ ብድሩም በዶላር ነው።

መጠየቅ ያለብዎት በጭማሪው ምትክ ምን እንደሚያገኙ ነው። እዚህ ላይ ነጋዴ ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይሄዳል። «ሁሌ ይጠፋል» ይላል። ባለሥልጣኑም «ሁሌ ስንት ነው?» ሲለው ዝም። አንድ ደብተር ይግዙ። ቀኑን፣ የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት፣ የተበላሸውን ዱቄት በኪሎ፣ ጄነሬተሩ የጠጣውን ናፍጣ በሊትር ይጻፉ። ሦስት ወር ይበቃል። ከእርስዎ ጋር በአንድ ትራንስፎርመር ያሉትን ጎረቤቶችም እንዲጽፉ ያድርጉ፤ ጸጉር ቤቱ፣ ሥጋ ቤቱ፣ ክሊኒኩ። ከዚያ በጋራ ፈርማችሁ አንዱን ኮፒ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት፣ አንዱን ለተቆጣጣሪው ባለሥልጣን፣ አንዱን ለማኅበራችሁ አስገቡ። የገባበትን ቁጥርና ማኅተም ሳይቀበሉ እንዳይመጡ። «አስገብተን ነበር» ብሎ ነገር እዚህ አገር አይሠራም።

ደግሞ ጥያቄው አንድ ይሁን። «መብራት ይስተካከል» አይባልም። «ከሌሊቱ 8 እስከ 11 ሰዓት፣ ዳቦ በሚጋገርበት ጊዜ፣ ለጥገና ተብሎ መስመራችን እንዳይቋረጥ፣ ከተቋረጠም አስቀድሞ ይነገረን» ይባላል። እንዲህ ያለውን ማንም ሹም እምቢ ለማለት ይከብደዋል፤ ወጪ የለውማ።

ጥያቄ፦ ህዳሴ ግድብ አልቋል። ታዲያ መርካቶ የፕላስቲክ ማሽኔ ለምን ይቆማል?

ግድቡና ማሽንህ መሃል ብዙ ሽቦ አለ። ህዳሴ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመረቀ፤ ኃይሉም በ500 ኪሎቮልት መስመር እስከ ሆለታ ይመጣል። ከዚያ ወዲህ ያለው ማከፋፈያ ጣቢያ፣ የሰፈር መስመርና የሰፈር ትራንስፎርመር ነው። ያንተ ችግር ምናልባት የመጨረሻዎቹ 300 ሜትሮች ላይ ነው። መሥሪያ ቤቱም ከ2006 ወዲህ ሁለት ሆኗል። «ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል» የሚባለው ያመነጫል፣ በከፍተኛ መስመር ያስተላልፋል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ያከፋፍላል፣ ይሸጣል። እኛ ሁሉንም «መብራት ኃይል» እያልን የምንጠራው ከልማድ ነው። ስለዚህ ስለ ግድቡ ደብዳቤ አትጻፍ፤ ስለ ትራንስፎርመሩ ጻፍ።

ጥያቄ፦ አምስት ኢንጂነሮች ነን። ካዛንቺስ ቢሮ ነበረን። ወደ ኦሞ የሚገባ ወንዝ ላይ አነስተኛ የውሃ ኃይል ማመንጫ ልንሠራ አስበን ክልሉ ጋ ስድስት ወር ተመላለስን። «ውሃው የእኛ አይደለም» አሉን። ፌዴራል መጣን፤ «መሬቱ የክልል ነው» ተባልን። ማነው ትክክል?

(«ነበረን» ማለት ካዛንቺስ ላይ ለምደነዋል። ይቅናችሁ ባላችሁበት።)

ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚያበሳጨውም እሱ ነው። ሕገ መንግሥቱን አውጡና እዩ። አንቀጽ 40 መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን የመንግሥትና የሕዝብ ያደርጋል። አንቀጽ 51 ደግሞ ሥልጣኑን ያካፍላል፦ ስለ መሬትና ተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀም ሕግ የሚያወጣው ፌዴራል ነው፤ ከአንድ ክልል በላይ የሚያቋርጥ ወይም ድንበር የሚሻገር ወንዝን አጠቃቀም የሚወስነውም ፌዴራል ነው። አንቀጽ 52 መሬቱን በዚያ ሕግ መሠረት የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው ይላል። የእናንተ ወንዝ ኦሞ ይገባል፣ ኦሞ ቱርካና ሐይቅ ይገባል፣ ቱርካና በአብዛኛው ኬንያ ነው። ስለዚህ ውሃው የፌዴራል፣ ዳሩ የክልል። አዋሽም ከአገር ሳይወጣ በረሃ ቢቀርም ክልል ከክልል ስለሚያቋርጥ ያው ነው።

በዚህ ላይ ሦስተኛ በር አለ። ለማመንጨት ፈቃድ የሚሰጠው በአዋጅ 810/2006 መሠረት የኢነርጂ ተቆጣጣሪው ነው። ለዋናው መስመር እንሸጣለን ካላችሁ ያመነጫችሁትን የሚገዛው ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ ነገሩ በመንግሥትና በግል አጋርነት ከሆነ አዋጅ 1076/2010 አለና ገንዘብ ሚኒስቴርም ይገባበታል። እስከ አምስት በር፣ አንድ ወንዝ!

እኔ ብሆን በውሃው እጀምር ነበር። ያለ ውሃ ፈቃድ መሬቱ ዳገት ብቻ ነው። ክልሉ ጋ ግን ባዶ እጃችሁን አትቆዩ፤ ከታች ያሉት ገበሬዎች በዚያ ወንዝ ምን እንደሚያደርጉ፣ ወፍጮ አለ ወይ፣ በጋ ላይ ውሃው ስንት እንደሚሆን፣ ይዞታው የሚነሳበት ሰው በአዋጅ 1161/2011 ካሳው እንዴት እንደሚሰላ አጥንታችሁ ግቡ። የመንደሩ ሰው «አናውቃቸውም» ካለ ፌዴራል ቢፈርምላችሁም ሥራው አይራመድም፣ መራመድም የለበትም።

ለብቻችሁም አትሂዱ። እንደ እናንተ ከበር በር የሚመላለሱ አልሚዎች አሉ። ተሰባስባችሁ «የውሃ፣ የመሬትና የማመንጨት ማመልከቻ አንድ ቦታ ይታይልን» የሚል ባለ ሁለት ገጽ ሐሳብ ብታቀርቡ ከአምስት ዓመት ምልልስ ይሻላል። ሁለት ገጽ ብያለሁ። 60 ገጽ ጥናት ማንም አያነብም፤ እኔም አላነብም።

ጥያቄ፦ ላቫጆ አለኝ፣ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው። ጉድጓድ ላስቆፍር?

በማሽን ጥልቅ ጉድጓድ ከሆነ ፈቃድ ያስፈልግሃል። አዋጅ 197/1992 ያለ ፈቃድ የሚፈቅደው በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድንና ጥቂት ባህላዊ አጠቃቀሞችን ነው። ያው አዋጅ ከሁሉም በፊት ለቤት ፍጆታ ቅድሚያ ይሰጣል። ይህን እንደ ጠላት አትየው። ከተማዋ የምትጠጣው ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው፤ ሁሉም ላቫጆ እየቆፈረ ቢስብ ማን ምን ይጠጣል? ውሃውን አጣርቶ መልሶ መጠቀሚያ ሥራና ያንን ይዘህ ሂድ። ለፈቃድ ስትከራከርም አፍህን ሞልተህ ትናገራለህ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ዴንቨር ነው። እዚያ የነዳጅና የማዕድን ኩባንያዎች በግልጽ ዋሽንግተን ሄደው ይወተውታሉ ይላል። እዚህ «ሎቢ» ስል ጓደኞቼ ጉቦ ነው ይሉኛል።

ወንድምሽ ልክ ነው። አሜሪካ የፌዴራሉ መንግሥት ወደ 640 ሚሊዮን ኤክር መሬት ይዟል፤ ከአገሪቱ 28 በመቶ ገደማ። ኔቫዳ ላይ 80 በመቶ ይደርሳል። እዚያ ግዛት ላይ ከብት የሚያግድም፣ ጋዝ የሚቆፍርም፣ የሶላር ፓነል የሚተክልም ከዋሽንግተን መሥሪያ ቤቶች አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ሕግ አላቸው፦ የሚወተውት ሰው ይመዘገባል፣ ለማን እንደሚሠራና ስንት እንደተከፈለው ይጽፋል። ገንዘብ ያለው የበለጠ አይሰማም ማለት ግን አይደለም፤ ይሰማል። ቢሆንም ማን ምን እንደጠየቀ ማየት ይቻላል።

የእኛ ነጋዴ ቢሮ ሲገባ በሩን ይዘጋና «ለእኔ ብቻ» ይላል። ጓደኞችሽ የሚጠረጥሩት ይህንን ነው፣ አይፈረድባቸውም። «ለሁላችንም ደንቡ ይስተካከል» ብሎ በደብዳቤ፣ በስሙ፣ በግልጽ የሚጠይቅ ሰው ግን ጉቦ መስጠት ቢፈልግ እንኳ ለማን እንደሚሰጥ ይቸግረዋል።

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ አካባቢ ያለው ማኅበራችን መዋጮ ይሰበስባል፣ በዓመት አንድ ካላንደር ይሰጠናል። ምን ላድርግ?

ካላንደሩን ስቀለው። ከዚያ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ «ዘንድሮ በስንት ረቂቅ ሕግ ላይ አስተያየት ሰጠን?» ብለህ ጠይቅ። የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት ከ1939 ጀምሮ አለ፤ ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚሆን ድምፅ የሚሰጠው አባል ነው። አባል ዝም ሲል ካላንደር ይታተማል።

ጥያቄ፦ አዲስ መመሪያ ወጣ ተባልን፤ ሳናውቀው። አለቀ በቃ?

ላያልቅ ይችላል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ 1183/2012 የሚባል አለ፤ ከአሥር ነጋዴ ዘጠኙ ሰምቶት አያውቅም ብዬ እወራረዳለሁ። የፌዴራል መሥሪያ ቤት መመሪያ ሲያወጣ ረቂቁን አሳውቆ ቢያንስ 15 የሥራ ቀን አስተያየት መቀበል አለበት። መመሪያው ተመዝግቦ በድረ ገጽ ካልተጫነም ተፈጻሚ አይሆንም። ስለዚህ መጀመሪያ የመመሪያውን ቁጥር በጽሑፍ ጠይቁ። ቁጥር ካለው ፍትሕ ሚኒስቴር ተመዝግቦ እንደሆነ አጣሩ። ካልተመዘገበ፣ ወይ አስተያየት ሳይጠየቅበት ከወጣ፣ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲከለስ መጠየቅ ይቻላል፤ ለዚህ ጠበቃ ያዙ፣ እኔ ጠበቃ አይደለሁም።

ቁጥሩን ስታገኙ ለእኔም ላኩልኝ። አሁን ሂሳብ ልክፈል፤ መብራት ደግሞ ሄደና ልጅቷ መልሱን በስልኳ ባትሪ እየቆጠረች ነው።