ከምርምር ማሳ ወደ ሹመት ወንበር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከሰሜን ሸዋ ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚያነሱት የምርምር ሰው መንግሥታዊ ሹመት ሲቀርብለት ምን ማድረግ እንዳለበት ነው። አራቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ የአፈር ሳይንስ መምህርና ተመራማሪ ነኝ። በክልል መሥሪያ ቤት ምክትል ኃላፊ እንድሆን ተጠይቄ በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ እንድሰጥ ተነግሮኛል። ሁለት የማስተርስና አንድ የዶክትሬት ተማሪ አማክራለሁ፤ የመኸር ሙከራዬም ገና ማሳ ላይ ነው። እሺ ከማለቴ በፊት ምን ልጨርስ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ በወረቀቱ ይጀምሩ። የሹመት ደብዳቤ ከመጣ በኋላ ጊዜ አይኖርዎትም፤ እንኳን ደስ አለዎት ሲባሉ ያልተወራረደ ሂሳብ በስምዎ ተቀምጦ ይቀራል። ለመስክ ሥራ የወሰዱትን ውሎ አበልና የነዳጅ ቅድሚያ ክፍያ ያወራርዱ። በሞዴል 22 የወጣልዎትን ንብረት፣ የአፈር አሲድነት የሚለካውን ፒኤች ሜትርም ላፕቶፑንም፣ ለንብረት ክፍል መልሰው ገቢ የተደረገበትን ሞዴል 19 ቅጂ ቤትዎ ያስቀምጡ። ክሊራንስ የሚፈረምልዎት በዚህ ነው። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ከተቀየረ በኋላ ዕቃው የት ገባ ቢባልም የሚመሰክርልዎት ይኸው ወረቀት ነው።

ቀጥሎ የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ነው። «ሂድ፣ ቦታህ ይጠብቅሃል» የሚል የቃል ተስፋ አይያዙ፤ ተስፋውን የሰጠዎት ኃላፊ ራሱ ነገ ሊነሳ ይችላል። የሚሰጥዎት ፈቃድ ነው ወይስ ስንብት? የማዕረግ ዕድገት ቆጠራው ይቆማል? ደመወዙን ማን ይከፍላል፣ የጡረታ መዋጮውስ ሳይቋረጥ በማን በኩል ይሄዳል? በዩኒቨርሲቲው ቤት የሚኖሩ ከሆነ ቤተሰብዎ እስከ መቼ ይቆያል? እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በራሱ የሴኔት ሌጅስሌሽን (የውስጥ መተዳደሪያ ደንብ) ስለሚሠራ የሌላ ቦታ ጓደኛዎ ልምድ አይረዳዎትም። አንቀጹን ራስዎ ያንብቡ፤ ቁጥሩም በደብዳቤው ላይ እንዲጠቀስ ያድርጉ።

የማስተርስ ተማሪዎችዎን በዲፓርትመንቱ ቃለ ጉባኤ ለሌላ አማካሪ ማስተላለፍ ብዙ አያስቸግርም። የዶክትሬቱ ግን ያሳስበናል። በሳምንት አንድ ምሽት እሰጠዋለሁ ብለው ዋና አማካሪነቱን እንደያዙ አይሂዱ፤ ሹመት ምሽቱንም ቅዳሜውንም ይወስዳል፣ ዓመታት የሚባክኑበትም ተማሪው ነው። ዋናነቱን ለቀው ተባባሪ አማካሪ ሆነው ይቅሩ።

የማሳውን ሙከራ እስከ አጨዳ ያድርሱት። ምርቱ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በየፕሎቱ (በየሙከራ ቁራሽ መሬቱ) ተለይቶ ካልተመዘነ የክረምቱ ልፋት ሁሉ ገደል ይገባል። የፕሎቶቹ ምልክት በዝናብ ይደበዝዛል፣ ከብትም ይጥለዋል፤ ስለዚህ የትኛው ፕሎት የትኛውን ትሪትመንት (የሚሞከረውን አሠራር) እንደወሰደ የሚያሳየውን የማሳ ንድፍ ቢያንስ ለሁለት ሰው በእጅ ይስጡ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የሚገቡበት ወር ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። መስከረም ላይ ከገቡ በጀቱ ጸድቆ ያገኙታል፤ የመጀመሪያ ዓመትዎ ከእርስዎ በፊት የነበረው ሰው ያቀደው ዓመት ነው። የእርስዎ ሐሳብ ገንዘብ የሚያገኘው በሚቀጥለው ሐምሌ ነው፤ እሱም መሥሪያ ቤቶች የቀጣዩን ዓመት ዕቅድና ወጪ እንዲያቀርቡ በሚጠየቁበት፣ በጋው ላይ በሚመጣው የበጀት ጥሪ ከተካተተ። ምሁራን ተሿሚዎች በብዛት የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን። ተመራማሪ ሁኔታውን ሳያጠና መወሰን አይሆንለትም፤ ስድስት ወር ሲያጠና ጥሪው ያልፍበታል፣ ሁለተኛውም ዓመት የሌላ ሰው ዕቅድ ይሆናል። እስከ ታኅሣሥ አንድ ወይም ሁለት ሥራ ብቻ ይምረጡና ዋጋቸውን አስልተው ይጠብቁ።

የሀብት ምዝገባም አይዘንጋ። በፌዴራል ደረጃ በአዋጅ ቁጥር 668/2002 ተሿሚ የራሱንና የቤተሰቡን ሀብት ያስመዘግባል። የቤቱን ካርታ፣ የባንክ ደብተሩንና የመኪናውን ሊብሬ አስቀድመው ይሰብስቡ።

ጥያቄ፦ ለምክር ቤት ያልተመረጠ ምሁር ሚኒስትር መሆን ይችላል? (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ ይችላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 74 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዕጩ ሚኒስትሮችን ከሁለቱ ምክር ቤቶች አባላት ወይም ለሥራው ብቃት ካላቸው ሌሎች ሰዎች መርጦ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። መስከረም 26 ቀን 2014 የጸደቀው ካቢኔ የኢኮኖሚ ምሁሩን ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋን በትምህርት ሚኒስትርነት ይዞ ነበር፤ እሳቸው በ2013ቱ ምርጫ አላሸነፉም። ሹመቱ በዚህ መንገድ ቢገኝም ተጠያቂነቱ ለምክር ቤቱ ጭምር ነው። ምክር ቤቱ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ይሠራል፣ በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት አለው።

ጥያቄ፦ ከምርምር ማዕከል መጥቼ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆኛለሁ። አሲዳማ መሬት በኖራ እንዲታከም 14 ገጽ ጥናት ለካቢኔው አቅርቤ «ጥሩ ነው» ተብሎ ተዘጋ። ምን አጠፋሁ? (ከደጋው ወረዳ)

መልስ፦ ሳይንሱ ትክክል ነው። ፒኤች (ቁጥሩ ባነሰ መጠን አፈሩ ይበልጥ አሲዳማ ነው) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ሥሩን ይጎዳል፤ ፎስፈረሱም በአፈሩ ስለሚታሰር አርሶ አደሩ የገዛው ማዳበሪያ አይሠራለትም። ካቢኔው የፈለገው ግን የሚወስነውን ነገር ነው፤ ጥናትዎ እሱን አልነገረውም።

ሒሳቡን በእነሱ ቋንቋ እንሥራው። ለአንድ ሄክታር 20 ኩንታል ኖራ ያስፈልጋል እንበል። 3,000 ሄክታር ለማከም 60,000 ኩንታል ይሆናል፤ 400 ኩንታል የሚጭን ባለተሳቢ መኪና 150 ጊዜ መመላለስ አለበት። ኖራው ከዘር ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ተበትኖ በእርሻ ከአፈሩ ጋር መቀላቀል ስላለበት፣ ሰኔ ላይ ለሚዘራ ማሳ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ቀበሌ ይድረስ። ካለፈ መንገዱ ይጨቀያል፣ ጣሪያው በሚያፈስ መጋዘን ውስጥም ኖራው ረጥቦ ይጋገራል። ከቀበሌው መጋዘን እስከ ማሳው ደግሞ አንዲት አህያ ግማሽ ኩንታል ብትሸከም ለአንድ ሄክታር 40 ምልልስ ነው። ብዙ የኖራ ዕቅድ የሚቀረው በዚህ በመጨረሻው ጉዞ ላይ ነው፤ ጥናት ውስጥ ግን አንድም ገጽ አይሰጠውም።

አሁን ጥናቱን አንድ ገጽ ያድርጉት። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የሚጠይቁትን ውሳኔ ይናገር፦ «ለሦስት ቀበሌዎች 300 ሄክታር የሚበቃ 6,000 ኩንታል ኖራ ግዥና 15 የመኪና ምልልስ በቀጣዩ በጀት እንዲያዝ»። ከሥሩ ዋጋውን፣ ማን እንደሚያጓጉዝና እስከ መቼ፣ ካልተደረገ ምን እንደሚከተል ይጻፉ። የምርት ጭማሪውን ከዚህ እስከዚህ ብለው ያስቀምጡት፤ አንዱን ከፍተኛ ቁጥር ብቻ ከጻፉ የመጀመሪያው ደካማ ምርት ዕቅዱንም ስምዎንም ይዞ ይወድቃል። 14ቱን ገጽ አባሪ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የዕፅዋት ተመራማሪ ናት፣ ሹመት ቀርቦላታል። አምስት ዓመት ቆይታ ወደ ምርምር መመለስ ትችላለች? (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ትችላለች፤ የመውጫውን በር ከአሁኑ ከያዘች። አንዳንዱ ጨርሶ አይመለስም። አንጌላ ሜርክል እ.ኤ.አ. በ1986 በኬሚስትሪ ዶክትሬት አግኝተው በምሥራቅ በርሊን ምርምር ላይ ነበሩ፤ በ1989 መጨረሻ ፖለቲካ ገቡ፣ በ1991 ሚኒስትር ሆኑ፣ ከ2005 እስከ 2021 ጀርመንን መሩ። የእኛው የዕፅዋት ሳይንቲስት ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ደግሞ ሙያቸውን ይዘው ነው የሄዱት። የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን እየመሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በጸደቀው፣ ዘረመላቸው የተለወጠ ሕያዋንን ዝውውር በሚመለከተው የካርታኼና የደኅንነተ ሕይወት ፕሮቶኮል ድርድር ላይ የታዳጊ አገሮች ቃል አቀባይ ነበሩ። ባለቤትዎ ከዘርፏ የሚዋሰን ሹመት ብትመርጥ የምንመክረው ለዚህ ነው፤ ንባቧ አይቋረጥም።

በእጇ ያለውን ያላለቀ ጽሑፍ ከመግባቷ በፊት ለጆርናል ትላክ፣ ከገባች በኋላ በዓመት አንድ የጋራ ጽሑፍ ይበቃታል። ለቀድሞ ቡድኗ የሚሰጥ የምርምር ገንዘብ ሲቀርብላት ግን ራሷን በጽሑፍ ታግልል፣ ውሳኔውንም ምክትሏ ይፈርም። በሥልጣኗ ያየችውን ያልታተመ መረጃም ከመሥሪያ ቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ሳታገኝ ለራሷ ጽሑፍ አታውለው።