ድምጿን ከዚህ ሆኜ እሰማለሁ

ባለፈው ወር አብሮኝ የሚሠራ የ26 ዓመት ወጣት መሐንዲስ፣ የሥራ ሰዓት አብቅቶ ንድፎቻችንን ስንጠቀልል፣ ፈራ ተባ እያለ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ ስፖርት መኪና መግዛት ያለብኝ አሁን ነው ወይስ እንደ እርስዎ ኑሮዬ ከተደላደለ በኋላ?» የሁለት ደቂቃ መልስ ነበር የጠበቀው። እኔ ግን «እስቲ ላስብበት» ብዬው ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ያን ሌሊትም እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ከ20 ዓመት በፊት ያለፈች አንዲት እሑድ ተመልሳ መጥታ ፊቴ ቆመች። ስለዚህ መልሱን በጽሑፍ እሰጠዋለሁ፤ ጥያቄው የእሱ ብቻ ስላልሆነም ለሁላችሁም ይድረስ።

ሙያዬ የመንገድ ምህንድስና ነው፤ ዕድሜዬ 63። በ34 ዓመቴ ያገለገለች ቀይ ማዝዳ ኤም ኤክስ 5 ገዛሁ። እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርዒት ለሕዝብ የቀረበችው የመጀመሪያዋ ትውልድ ናት፦ ሁለት መቀመጫ፣ ወደ ኋላ የሚታጠፍ የሸራ ጣሪያ፣ ባለ 1.6 ሊትር ሞተር፣ ወደ 115 የፈረስ ጉልበት፣ ከ1,000 ኪሎ ግራም ያነሰ ክብደት። የፊት መብራቶቿ ሲበሩ ከኮፈኗ ብቅ ይላሉ፤ ሲጠፉ ተመልሰው ይተኛሉ። ዛሬ ለወጣቶች የጉልበቷን ቁጥር ስነግራቸው ፊታቸው ይቀዘቅዛል። የእናንተ ዘመን መኪናን በቁጥር ይወዳል፤ ስንት የፈረስ ጉልበት፣ ከዜሮ እስከ 100 በስንት ሰከንድ። በዚህ አልስማማም። የእንግሊዙ ስፖርት መኪና አምራች የሎተስ መሥራች ኮሊን ቻፕማን መኪኖቹን የሠራው ክብደት መቀነስን ከሁሉ አስቀድሞ ነው። ጉልበት የሚረዳው ስትፋጠኑ ነው፤ የክብደት ማነስ ግን ስትፋጠኑም፣ ስትቆሙም፣ ስትታጠፉም ያግዛችኋል። ቀላል መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትሄድ እንኳ የመንገዱን ጠባይ በመሪው በኩል እስከ መዳፋችሁ ታደርሳለች። 600 የፈረስ ጉልበት ያላት መኪና አቅሟን የምታሳይበትን ፍጥነት ግን በሕዝብ መንገድ ላይ አታገኙትም፤ ልታገኙትም አይገባም።

የገዛኋት ግማሹን ገንዘብ ተበድሬ ነው። ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሕይወቴ ብሩህ ወራት ነበሩ። ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ እነዳ ነበር። ማርሿ አጭርና ጥብቅ ነው፤ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ስትቀይሩ የእጅ አንጓ ብቻ ይበቃል። ከዕለታት አንድ ቀን ከፊቴ ይሄድ ከነበረ የጭነት መኪና ጎማ ጠጠር ተፈናጥሮ ኮፈኗ ላይ አረፈ። የምስር ፍሬ የምታክል ጠባሳ ነበረች። ከመኪናዬ ወርጄ መንገድ ዳር ቆሜ ያቺን ነጥብ በአውራ ጣቴ እያሻሸሁ ለረጅም ጊዜ ቆየሁ። በማግስቱ በልኳ የተሰፋ የመሸፈኛ ሸራ ገዛሁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ነጂዋ መሆኔ ቀርቶ ጠባቂዋ ሆንኩ።

አሁን ስለ አንድ ሰው ልንገራችሁ። በሙያው ያሳደጉኝ ቀያሽ ነበሩ፤ ጋሼ እላቸው ነበር። በ57 ዓመታቸው ባለ ሦስት እግሩን መቆሚያ በትከሻቸው ተሸክመው ገደል ለገደል ሲወጡ እኛ ወጣቶቹ ከኋላቸው እናለከልክ ነበር። 11 ኪሎ ሜትር የሚሆን የተራራ መንገድ አብረን ስንቀይስ ሦስተኛዋ ኩርባ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ተከራከርን። እኔ የሚቆረጠው ዐለት እንዲቀንስ ኩርባዋ መሐል ላይ እንድትጠብ ፈለግሁ። እሳቸው አሻፈረኝ አሉ። ነጂ ፍጥነቱን የሚመርጠው በኩርባዋ መግቢያ ባየው ልክ ነው፤ መሐል ላይ ከጠበበችበት ከዳነው ማለት ነው አሉ። ማታ ድንኳን ውስጥ በኩራዝ ብርሃን ስሌቱን ሦስት ጊዜ ሠራሁት፤ ልክ ነበሩ። እስከ ዛሬ ድረስ ወጣት መሐንዲስ እየጠበበች የምትሄድ ኩርባ ነድፎ ሲያመጣልኝ የእሳቸው ድምፅ ነው የሚሰማኝ።

እኒህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ መንገድ ሲያወጡ ኖረው የነዱት የመስክ ፒክአፕ ብቻ ነበር። መኪናዋን በገዛሁ ሳምንት መጥተው አዩዋት። በሯን በመዳፋቸው ዳሰሱና «በዚህች ጣሪያዋን ከፍተን መንገዳችንን እንወርዳለን፤ ሦስተኛዋን ኩርባ በሰውነቴ ላውቃት እፈልጋለሁ» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» አልኳቸው። ከዚያ ጠጠሩ መጣ። ቀለሟ ይታደስ አልኩ። ቀለሟ ታደሰ፤ ዝናቡ ይውጣ አልኩ። ዝናቡ ወጣ፤ አቧራው ይረፍ አልኩ። ልጅ ተወለደ፣ ሌላ ፕሮጀክት መጣ። እሳቸው በዓመት አንድ ጊዜ ያህል ያስታውሱኝ ነበር፤ ቅሬታ በድምፃቸው ሰምቼ አላውቅም። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የነዳሁት 5,000 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ አብዛኛውም የነዚያ የሦስት ወራት ነው።

ጡረታ ከወጡ በኋላ አንድ እሑድ ለመውሰድ ቀን ቆረጥኩላቸው። ሸራውን ገልጬ ቁልፉን ሳዞር ባትሪዋ ሞቷል። ከሌላ መኪና ባትሪ አገናኝቼ ሞተሯ ተነሣ፤ ማርሽ ግን አልገባ አለኝ። ፍሪሲዮኗ ከመቆም ብዛት በዝገት ተጣብቆ ነበር። በሥራ መኪናዬ ልውሰዳቸው ብዬ ጠየቅኋቸው፤ «እሱንማ ለምጄዋለሁ፤ ሌላ ጊዜ ይሁን» አሉ። በሁለት ሳምንት ተጠግና ወጣች። በዚያው ሳምንት ደውዬ ልወስዳቸው ይገባኝ ነበር። ሥራ በዛብኝ ብዬ ስምንት ወር ጨመርኩበት። በስምንቱ ወር መሐል ዳሌያቸው ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው።

ያቺ የነገርኳችሁ እሑድ ከዚህ በኋላ የመጣችው ናት። በከዘራ እየተደገፉ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው መጡ። ጣሪያዋን ከፍቼ፣ ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፍቼ ጠበቅኋቸው። ስፖርት መኪና ውስጥ መግባት ወንበር ላይ እንደ መቀመጥ አይደለም፤ ወለል ላይ ለመቀመጥ ይቀርባል። መጀመሪያ ጀርባቸውን አዙረው ሞከሩ፤ ጉልበታቸው አልታጠፈም። ቀጥሎ እግራቸውን አስቀድመው ሞከሩ። በሦስተኛው እኔ በብብታቸው ይዤ ዝቅ ላደርጋቸው ስል ከሕመሙ የተነሣ ትንፋሻቸው ሲቆረጥ ሰማሁ፤ ወዲያው መልሼ አቆምኳቸው። ላብ ግንባራቸው ላይ ችፍ ብሎ ነበር። ትንሽ ዐረፉና በሯን መታ መታ አድርገው «አንተ ሂድ። እኔ ድምጿን ከዚህ ሆኜ እሰማለሁ» አሉኝ።

ሄድኩ። ከቤቴ በላይ ያለውን ዳገት ወጥቼ ተመለስኩ፤ ዐሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ከጎኔ ያለውን ባዶ ወንበር እንዳላይ ዓይኔን ከመንገዱ አላነሣሁም። ስመለስ ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመው አገኘኋቸው። «ዳገቱ ላይ ሦስተኛ ማርሽ አበዛህባት» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። በቀጣዩ ዓመት አረፉ፤ እኔም በዚያው ወር መኪናዋን ሸጥኳት። ያን ጊዜ ኀዘን መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ዐይኗን ማየት አፍሬ ነው። ሁለተኛው ስሕተቴ ይህ ነው። ባልሸጣት ኖሮ ያንን መንገድ ስለ እሳቸው እወርደው ነበር።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው። ቀበቶ እሰሩ፣ ጠጥታችሁ አትንዱ፣ በፍጥነት ወሰን ሂዱ እያልኩ ጊዜያችሁን አልወስድም፤ ይህ ለማንም ነጂ ነው።

በ20ዎቹ ዕድሜ ሰውነት ለስፖርት መኪና የተሠራ ነው፤ ዐይን ያያል፣ እጅ ይፈጥናል፣ ወገብ ሰዓታት ይችላል። የሚጎድለው የመጠን ስሜት ነው። አንድ ስሌት ብቻ ልስጣችሁ። አንዲትን ኩርባ በ50 ትዞሯት የነበረውን በ60 ብትዞሯት ፍጥነታችሁ የጨመረው በ20 በመቶ ነው፤ ጎማዎቹ መሸከም ያለባቸው የጎን ኃይል ግን በ44 በመቶ ይጨምራል። ያን ሁሉ የሚሸከመው ከመንገዱ ጋር የሚነካካው፣ እያንዳንዱ መዳፍ የሚያክል አራት ቦታ ነው። እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ1963 የተዋወቀችው ፖርሽ 911 ሞተሯ ከኋላ እግሯ ጀርባ ነው። በቀድሞዎቹ 911 መኪኖች ኩርባ መሐል ላይ ደንግጦ ነዳጅ መስጫውን በድንገት የለቀቀ ነጂ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄድና የኋላ ጎማዎቹ መያዣ ያጣሉ፤ ጭራዋ ቀድማው ትዞራለች። ዛሬ ኤሌክትሮኒክ የመረጋጊያ ሥርዓት ያንን ስሕተት ይሸፍናል። ብዙ ወጣቶች ሥርዓቱ የሸፈነላቸውን የራሳቸው ችሎታ ያደርጉታል፤ ስልካቸውን ዳሽቦርድ ላይ ተክለው ራሳቸውን እየቀረጹ ሲነዱ ሳይ ልቤ ይደማል። ያም ሆኖ ከእኛ ትሻላላችሁ። እኔ በ34 ዓመቴ ከመግዛቴ በፊት ማንንም አልጠየቅሁም፤ ይህ ወጣት ግን በ26 ዓመቱ ጠየቀኝ።

ብድርን በተመለከተ፣ ለመዝናኛ መኪና አትበደሩ። የወር ዕዳ ያለባት መኪና ስትነዳ የምትሸማቀቁባት፣ ጭረት የምትፈሩላት መኪና ናት፤ ሸራውን ያመጣብኝ በከፊል ዕዳው ነው። ግን እውነቱን ልደብቃችሁ አልችልም፤ ባልበደር ኖሮ ያቺን መኪና አልገዛም ነበር፤ እነዚያ ሦስት ወራትም አይኖሩኝም ነበር። ለእነዚያ ወራት ዛሬም እበደር ነበር። ሁለቱንም አምናለሁ።

መኪና በመቆም ትሞታለች። ባትሪዋ ይራገፋል፣ የፍሬን ዲስኮቿ ይዝጋሉ፣ የፍሬን ዘይቷ ከአየር እርጥበት ይመጥጣል፤ እርጥበት የያዘ የፍሬን ዘይት ደግሞ ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ጎማ ጥርሱ ሳይበላ ያረጃል። ጎኑ ላይ ያሉት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 የሚል ካያችሁ በጎርጎሮሳውያኑ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ዐሥር ዓመት የሞላው ጎማ አዲስ ቢመስልም አውጥታችሁ ጣሉት። ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ የሞተር ዘይቷ በደንብ እስኪግል ድረስ ንዷት።

በ58 ዓመቴ ያችኑ ዓይነት፣ አዲስ ትውልድ የሆነችውን ገዛሁ፤ በእጄ ባለ ገንዘብ። ደስታው እውነተኛ ነው፤ በ34 ዓመቴ ከነበረው ግን ይለያል። በ60 ዓመት ወደ ዐይን ውስጥ ዘልቆ የሚደርሰው ብርሃን በ20 ዓመት ከነበረው አንድ ሦስተኛ ያህል ነው፤ ስለዚህ ሌሊት አልነዳም። መንገድ ስንነድፍ የነጂው ዐይን ከመሬት 1.08 ሜትር ከፍ እንደሚል፣ አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪይዝም 2.5 ሰከንድ እንደሚፈጅበት እንቆጥራለን። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው ይህ ፍሬን ከመያዙ በፊት ወደ 70 ሜትር ገደማ ነው። በወጣትነቴ 2.5 ሰከንድ ብዙ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ለማን እንደተቀመጠ ገብቶኛል። ዝቅ ባለች መኪና ውስጥ ደግሞ ዐይናችሁ ከ1.08 ሜትር በታች ሊሆን ይችላል፤ ዳገት ጫፍ ላይ ከሌላው ነጂ ዘግይታችሁ ታያላችሁ ማለት ነው። ይህ ለወጣቱም ይሠራል። ስወርድ ሁለቱንም እግሮቼን አስቀድሜ አውጥቼ፣ የበሩን ደፍ በእጄ ገፍቼ ነው የምነሣው። ይህን እስከቻልኩ ድረስ እነዳለሁ። ኮፈኗ ላይ ሰባት የጠጠር ጠባሳ አለ፤ የእያንዳንዱን ቦታ አውቀዋለሁ፤ አንዱንም አላስጠገንኩም።

አምና ያንን የተራራ መንገድ ብቻዬን ወረድኩት። ሦስተኛዋ ኩርባ ከመግቢያዋ እስከ መውጫዋ አንድ ናት፤ መሪውን አንዴ ከያዝኩ በኋላ ማስተካከል አላስፈለገኝም።

ለጠየቅኸኝ ወጣት፦ ግዛ ወይም አትግዛ ከማለቴ በፊት መጥተህ ንዳት። እሑድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ እጠብቅሃለሁ። ዳገቱን እኔ እነዳለሁ፤ ቁልቁለቱን አንተ ትወርዳለህ። የጎማዎቿን አየር ቅዳሜ ማታ እለካለሁ። ሶሉ ወፍራም ጫማ አታድርግ፤ ፔዳሎቿ ይቀራረባሉ።