ሁለቱ የቴክሳስ ቡድኖች ገና በመጀመሪያው ዙር ለምን ይገናኛሉ?

ወንድሜ፣ ሜሪ ሃርዲን-ቤይለርና ሃርዲን-ሲመንስ የተባሉት የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲዎች ቡድኖች በመደበኛው የውድድር ዘመን ተጋጥመው ሳለ፣ በጥሎ ማለፉ የመጀመሪያ ዙር ዳግም የተገናኙበትን ምክንያት ጠይቀዋል። መልሱ ከቡድኖቹ ብቃት ይልቅ በመንገዱ ርቀት ላይ ነው።

በዲቪዚዮን 3፣ ማለትም የስፖርት ስኮላርሺፕ በማይሰጥበት የኮሌጆች ምድብ፣ በአሜሪካ እግር ኳስ ጥሎ ማለፍ የተጓዥ ቡድኖችን ወጪ የሚሸፍነው የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ማኅበር ኤንሲኤኤ ሲሆን፣ ርቀቱ ከ500 ማይል፣ ማለትም ከ800 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ካልበለጠ ቡድኑ በአውቶቡስ ይሄዳል፤ ከዚያ ካለፈ ግን የአውሮፕላን ጉዞ ስለሚያስፈልግ፣ ተጋጣሚዎችን የሚደለድለው ኮሚቴ በረራዎቹን ለመቀነስ ሲል ጎረቤታሞችን ያጋጥማል። ከሃርዲን-ሲመንስ ከተማ ከአቢሊን ወደ ሜሪ ሃርዲን-ቤይለር ከተማ ወደ ቤልተን በአውቶቡስ የጥቂት ሰዓታት መንገድ ነው፤ ከኦሃዮ ወይም ከካሊፎርኒያ የሚመጣ ተጋጣሚ ግን መብረር አለበት።

የተሳታፊዎች ምርጫና ማን ከማን እንደሚጫወት የሚወስነው ድልድል የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውንም ልብ ይበሉ። ከ2024 ጀምሮ ተሳታፊዎቹ ከ32 ወደ 40 አድገዋል፤ የኮንፈረንስ፣ ማለትም እርስ በርስ የሚወዳደሩ ኮሌጆች ሊግ፣ ሻምፒዮኖች በቀጥታ ሲገቡ፣ የቀሩት ቦታዎች የሚሞሉት የማሸነፍ መጠንንና የተጋጣሚዎችን ጥንካሬ በሚያሰላ የነጥብ ቀመር ነው። ስለዚህ ምርጫው በቀመር ቢሆንም ርቀቱ ድልድሉን መወሰኑ አልቀረም። ያለ ስፖርት ስኮላርሺፕ ለሚጫወቱ ወጣቶች ይህ ፍትሐዊ አይደለም ብዬ አምናለሁ፤ ቢያንስ በአንድ ኮንፈረንስ ያሉ ቡድኖች በመጀመሪያው ዙር እንዳይገናኙ ሁለት ሦስት በረራ መጨመር ይገባ ነበር።