ሲስተርን ጠይቁ፦ ስልኩና ሂና የተቀባው ጣት

ጥያቄ፦ ሲስተር ሰላም ነው? ሐይቅ አካባቢ ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። የማስተርስ ሪሰርቼን ልጀምር ነው። ደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች መድኃኒታቸውን በአግባቡ ይወስዳሉ ወይ የሚለውን ነው የማጠናው። አማካሪዬ “ወረቀቱን ተወው፣ ዳታህን በስልክ ሰብስብ” አሉኝ። ጓደኞቼ ግን “በዚህ ኔትወርክ? ተው ይቅርብህ” ይላሉ። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ አብሽር፣ አማካሪህ ልክ ናቸው። በስልክ መጠይቅ የሚሞላባቸው ኦዲኬና ኮቦ ቱልቦክስ የሚባሉት መተግበሪያዎች መረጃ ስትሞላ ኔትወርክ አይፈልጉም። ፎርሙን ደሴ ሆነህ ታወርዳለህ፣ ገጠር ገብተህ ትሞላለህ፣ ስትመለስ ትልካለህ። ኦዲኬ በ2008 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነው። ኮቦም የተሠራው በእሱ ላይ ስለሆነ አንዱን ከለመድክ ሌላው አያስቸግርህም።

ወረቀት ላይ 140 ለማለት 1400 ብትጽፍ ማንም አይነግርህም። ስልኩን ግን “የላይኛው ግፊት ከ60 እስከ 280 ካልሆነ አትቀበል” ብለህ ታዘዋለህ፤ ከዚያ ውጭ አያሳልፍህም። መድኃኒት ጀምረው የማያውቁትን እናት “ስንት ቀን አቋረጡ?” ብሎ ማድረቅም ይቀራል፣ ጥያቄውን ራሱ ይዘለዋል። ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ የሚባለው ጣጣም የለም።

ሰው የሚሳሳተው ቀንና ሰዓት ላይ ነው። ፎርሙን ስትሠራ የቀን ጥያቄው “አፒራንስ” የሚል ቦታ አለው። እዚያ ላይ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደል “ኢትዮጵያን” ብለህ ጻፍ። መረጃ ሰብሳቢው መስከረም፣ ጥቅምት እያለ ይመርጣል። ዳታው ውስጥ የሚቀመጠው ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ትንተና ስትጀምር እንዳትደናገጥ።

ሰዓቱ ይብሳል። “ኪኒኑን ስንት ሰዓት ይውጣሉ?” ስትላቸው “ጠዋት ሁለት ሰዓት” ይሉሃል። ስልኩ ላይ እንደወረደ 2፡00 ብለህ ከመታህ በስልኩ ቋንቋ ሌሊት ስምንት ሰዓት ሆነ። ስለዚህ ሰዓት አታስመርጥ። ከቁርስ በፊት፣ ከቁርስ በኋላ፣ ማታ ከመኝታ በፊት በለው። ለሚሰግዱት ሱብሂና መግሪብ ብትል ደግሞ በጣም ይቀላቸዋል።

ዕድሜም አለ። ብዙ ትልልቅ ሰዎች የተወለዱበትን ዓመት አያውቁትም፣ አታስጨንቃቸው። የ66ቱ ድርቅ፣ የ77ቱ ድርቅ፣ ደርግ የወደቀበት 1983 እያልክ የምትጠይቅበት ዝርዝር ያዝ። “በ77 ከብት እጠብቅ ነበር” ያለህን ሰው ዕድሜ መገመት አያቅትህም። ለወሎ ሰው 77ን አስረዳ አይባልም መቼም።

አንድ ነገር ግን የትኛውም ሶፍትዌር አይጨምርልህም። ከውጭ የመጣ መጠይቅ ተርጉመህ ብቻ ከገባህ ስለ ጾም አይጠይቅም። ረመዳን ላይ የጠዋቱን ኪኒን ምን ያደርጉታል? ወደ ስሁር ያዞሩታል ወይስ ወሩን ሙሉ ይተዉታል? በዓቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙትስ? ወሎ ላይ ስለ መድኃኒት አወሳሰድ አጥንቶ ይህን ያልጠየቀ ሰው ግማሹን ነገር ትቶታል ባይ ነኝ። ከጎረቤትህ ክሊኒክ ጥቂት ሰዎች ላይ መጠይቁን ቀድመህ ሞክረው።

ስም አትሰብስብ፤ ኮድ ይበቃሃል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መድቦታል። ስልኩ ላይም የይለፍ ቃል ይኑር። ስትጠይቅ ደግሞ ቀና በል። ኩታበር ላይ አንዲት እናት ስክሪኑ ላይ ያቀረቀረውን ልጅ “ዶክተር፣ ስልክህን ስትጨርስ ትጠይቀኛለህ” ብለውት ነጠላቸውን አስተካክለው ዝም አሉ። (ወንድ ነርስን ዶክተር ማለት መቼም የማይቀር ነው።) ልጁ ስልኩን አዙሮ ምን እየጻፈ እንደሆነ ሲያሳያቸው ነው እንደገና ያወሩት። ይህን ከመጀመሪያው አድርገው።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የምማር የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ልምምድ ላይ የሙሽሮችና የእናቶች ጣት ሂና ስላለበት ኦክሲሜትሩ (ጣት ላይ የሚደረገው የደም ኦክስጅን መለኪያ) አንዳንዴ አያነብም፣ አንዳንዴ ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል። የቱን ልመን?

መልስ፦ የኔ ቆንጆ፣ መሣሪያው ቀይ ብርሃንና በዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ በጣት ውስጥ እያሳለፈ ነው የሚለካው። መንገዱ ላይ የቆመ ቀለም ያታልለዋል። ቀዩ ሂና ብዙም አያስቸግርም፤ ችግሩ ጥቁሩ ላይ ነው። ያልተቀባ ጣት ፈልጊ። የጥፍር ቀለም ካለ አስለቅቂ። ደሴ ላይ ከሆንሽ እጃቸው ቀዝቅዞ ይሆናል፣ ትንሽ አሙቂላቸው። የጣት መሣሪያ ጆሮ ላይ አታድርጊ፣ ለጆሮ የተሠራው ሌላ ነው። ከፍታም አለው ነገሩ፦ ደሴ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች ጤነኛ ሰው ላይ ከኮምቦልቻው ትንሽ ዝቅ ያለ ቁጥር ብታዪ አይግረምሽ።

ከዝቅተኛው ይልቅ ጥሩ የሚመስለው ቁጥር ነው የሚያሳስበኝ። በ2020 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት መሣሪያው ከ92 እስከ 96 ያለላቸውን ሕሙማን ደም አስመርምሮ ነበር። ኦክስጅናቸው በእርግጥ ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው ከጥቁሮቹ 11.7 በመቶ፣ ከነጮቹ 3.6 በመቶ ነበሩ። እኛ የምናክመው ማንን እንደሆነ አንቺው ታውቂዋለሽ። ስለዚህ 94 አየሁ ብለሽ አትሂጂ። ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ፣ ከንፈሩን እዪ፣ የጎን አጥንቱ ወደ ውስጥ ይገባ እንደሆነ ልብሱን ገልጠሽ ተመልከቺ።

ጥያቄ፦ ቻትጂፒቲ ሪፈረንስ ቢያወጣልኝ ችግር አለው? (ከደሴ)

መልስ፦ አለው። ያልተጻፈ ጥናት ከነደራሲው ፈጥሮ ይሰጥሃል፣ ያውም አሳምሮ። እያንዳንዱን ፐብሜድ በሚባለው የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ ፈልገው፤ ካጣኸው ሰርዘው። ለሚከፈልባቸው ጆርናሎች ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ሂናሪ የሚባል አገልግሎት አለው። የዩኒቨርሲቲህን ላይብረሪ የመግቢያ ቃሉን ጠይቃቸው።

ጥያቄ፦ ኬሚሴ ነው ያለሁት። ለነፍሰ ጡሮች የቴሌግራም ግሩፕ ከፍቼ ረዣዥም ጽሑፍ እለጥፋለሁ፣ ግን የሚያነበው የለም።

መልስ፦ ጽሑፉን ተይው፣ በድምፅ ላኪ። ከሁለት ደቂቃ አይብለጥ፣ አንድ መልእክት ስለ አንድ ነገር ብቻ ያውራ። ዛሬ ስለ ደም መፍሰስ ከሆነ ስለ አይረን ኪኒን ነገ። በኦሮምኛና በአማርኛ ለየብቻ ቅጂው፣ አንድ ላይ አትቀላቅይው። ስልክ የሌላቸውም እንዲሰሙት የጤና ኤክስቴንሽኗ ቡና ላይ ታጫውተው፤ ከአቦል እስከ በረካ ጥያቄው ራሱ ይመጣል። ግሩፑ ላይ ስለ ራሷ ሕመም የጠየቀችሽን በግል መልሺላት። የምርመራ ውጤቷን ፎቶ የለጠፈች ካለችም ወዲያው አጥፊውና ደውይላት።