ልጄ ቅዳሴ አልሄድም አለች፤ ሚስቴም ከእሷ ጋር ቆመች

ጥያቄ፦ የ44 ዓመት ሰው ነኝ። ወጣት ሳለሁ ለሦስት ዓመት ዘርአ ክህነት (የካህናት ማሠልጠኛ) ገብቼ በራሴ ፈቃድ ወጥቻለሁ። ከዚያ አግብቼ ሦስት ልጆች ወለድኩ። ቤተሰቤ በካቶሊክ እምነቱ እንዲጸና የማላደርገው ነገር የለም። ማታ ማታ ልክ ሦስት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ስልኩን አስቀምጦ አብረን መቁጠሪያ እንጸልያለን። ከእሁድ ቅዳሴ ቀርተን አናውቅም። ረቡዕና ቅዳሜ ማታ ቁምስናችን (የአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን) ውስጥ አገለግላለሁ። የመጀመሪያ ልጄ 15 ዓመቷ ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ጸሎት ላይ አፏን አትከፍትም። ባለፈው ወር አንድ እሁድ ጠዋት፣ ሁላችንም ለብሰን በር ላይ ቆመን ሳለ፣ «አልሄድም፤ አላምንበትም» አለችኝ። ንዴቴን መቆጣጠር አቅቶኝ በጥፊ መታኋት። በዚያው ቀን ተናዝዣለሁ። ባለቤቴ ከጎኔ ትቆማለች ብዬ ስጠብቅ፣ «አንተ እግዚአብሔርን ለቤተ ክርስቲያን ሰው ታሳያለህ፤ ለእኛ የሚደርሰን ቁጣህ ነው» አለችኝ። አባት ልጁን ወደ እምነቷ መመለስ የለበትም? ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ በዕድሜ ስለምበልጥህ አንተ እያልኩ ልጻፍልህ።

ከጥፊው ልጀምር፤ በደብዳቤህ ውስጥ ሹልክ ብሎ ሊያልፍ ነበርና። «በጥፊ መታኋት። በዚያው ቀን ተናዝዣለሁ።» በእነዚህ ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች መሐል አንድ ሰው ጠፍቷል፤ ልጅህ። አንተ ካህን ፊት ተንበርክከህ ቀልሎህ ወጥተሃል። እሷ ጉንጯን ይዛ ክፍሏ ገብታለች፤ አባቷ መጸጸቱን እስከ ዛሬ የነገራት የለም። እኔ ካህን አይደለሁም፤ ስለ ምሥጢረ ንስሐ ዘርአ ክህነት የገባን ሰው ላስተምር አልልም። ነገር ግን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ቁጥር 1459 የሚለውን ታውቀዋለህ፤ ንስሐ ኃጢአትን ያስወግዳል እንጂ ኃጢአቱ ያበላሸውን ሁሉ በዚያው አይጠግንም፤ ባልንጀራውን የበደለ የቻለውን ያህል መካስ አለበት። ቁጥር 2223 ደግሞ ለእኛ ለአማካሪዎች ሙያ ይበልጥ የቀረበ ነው፤ ወላጆች ጥፋታቸውን ለልጆቻቸው ማመን ሲችሉ ልጆቻቸውን ለመምራትና ለማረም የተሻለ አቅም ያገኛሉ ይላል። ብዙ አባቶች የሚያስቡት ግን ተቃራኒውን ነው፤ ይቅርታ ብጠይቃት ትንቀኛለች ብለው።

ስለዚህ ሌላው ሁሉ ከመሆኑ በፊት ይቅርታ ጠይቃት። ብቻዋን ሆና ሳለ፣ አጠር አድርገህ፣ «ግን» የሚል ቃል ሳትጨምር። እንዲህ ልትላት ትችላለህ፤ «የዚያን እሁድ ስመታሽ አጥፍቻለሁ። አንቺ ባልሽው ነገር አይደለም የመታሁሽ፤ ራሴን መግዛት አቅቶኝ ነው። ሁለተኛ እጄን አላነሳብሽም።» ከዚያ ውጣ። «ይቅር ብለሽኛል?» ብለህ አትጠይቃት፤ ያኔ የመጽናናቱ ተራ የአንተ፣ የማጽናናቱ ሥራ የእሷ ይሆናል። «አሁንስ እሁድ ትመጫለሽ አይደል?» የምትለዋን ከጨመርክማ ይቅርታህ የቅዳሴ ቀብድ ሆነ ማለት ነው። (ይህችን ጥያቄ ዋጥ ማድረግ ቀላል እንዳይመስልህ፤ አፍ ላይ ድቅን ትላለች።)

አሁን ወደ ሌላው። ደብዳቤህን ደግሜ ሳነበው አንድ ነገር ከነከነኝ። ስለ ባለቤትህ አንድም ቃል ሳትተነፍስ ስለ ዘርአ ክህነት ነገርከኝ። እሷ የመጣችው «ከዚያ አግብቼ» በሚሉ ሁለት ቃላት ነው። እንዴት እንደተገናኛችሁ፣ ምኗን እንደወደድክላት የለም። የቤትህን ሥርዓት ስትገልጽልኝ ደግሞ የመነኮሳት ማኅበር ቤት ነው የታየኝ፤ ልክ በሰዓቱ የሚደወል ደወል፣ የሚሰበሰብ ስልክ፣ የማይቀር ሰው፣ የማይጠየቅ አለቃ። በደብዳቤ ሰው አይመረመርምና ልሳሳት እችላለሁ። ግን ልጠይቅህ፤ ከዘርአ ክህነት የወጣህበት ቀን ዛሬም እንደ ዕዳ ይከተልሃል? ለእግዚአብሔር ልሰጠው የነበረውን ሕይወት፣ ቤቴን ገዳም በማድረግ እከፍላለሁ ብለህ ይሆን?

ከሆነ፣ የልጅህ «አልሄድም» ያን ያህል ያናደደህ ለምን እንደሆነ ይገባኛል። አንተም በወጣትነትህ አንድ በር ከፍተህ ወጥተሃል፤ በፈቃድህ። እሷ የነካችው ያንኑ በር ነው። ልዩነቱ፣ አንተ ወደህ ገብተህ ወደህ ወጣህ፤ እሷን ማንም «ትገቢያለሽ?» ብሎ አልጠየቃትም።

አንድ ባልና ሚስት ላስታውስህ፤ አንተ ከእኔ በላይ ታውቃቸው ይሆናል። የፈረንሳዊቷ መነኩሴ የቅድስት ትሬዛ ዘሊዝዩ ወላጆች፣ ሉዊና ዜሊ ማርቲን። ሁለቱም በወጣትነታቸው ለምንኩስና አመልክተው አልተቀበሏቸውም፤ ሉዊ ላቲን ባለማወቁ ነበር የተመለሰው። እ.ኤ.አ. በ1858 ሲጋቡ የመጀመሪያዎቹን አሥር ወራት ገደማ እንደ እህትና ወንድም ኖሩ፤ ትዳራቸውን ወደ ገዳም ለማስጠጋት ሞከሩ ማለት ነው። ከዚያ መንገድ የመለሳቸው የንስሐ አባት ነው። ዘጠኝ ልጆች ወለዱ፤ አራቱ በልጅነታቸው ሞቱባቸው። ከቀሩት አምስት ሴቶች ልጆች አንዷ፣ ሊዮኒ፣ አስቸጋሪ ተብላ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ የተመለሰች ልጅ ነበረች፤ ገዳምም እየገባች እየወጣች በአራተኛው ሙከራዋ ነው የጸናችው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 ባልና ሚስቱን አንድ ላይ ቅዱሳን ብለው አወጁ። ቤተ ክርስቲያን የሰየመቻቸው የሚጸልይ ሰዓት ሠሪና ዳንቴል ሠሪ፣ ባልና ሚስት ሆነው ነው። ያንተም ጥሪ ከእንግዲህ ሚስትህና ልጆችህ ናቸው፤ ለክህነቱ የተሰጠ ምትክ አድርገህ አትያቸው።

ባለቤትህ የተናገረችው ከልጅሽ ጋር አብረሽ አመፅሽ የሚያሰኝ አይደለም። እምነትህን አልነቀፈችም፤ እንዲያውም ከእምነትህ ድርሻዋን ነው የጠየቀችው። ረቡዕና ቅዳሜ ማታ አንተ ሰው ስታጽናና እሷ ሦስት ልጆች ይዛ ቤት ናት። ከሁለቱ ማታዎች አንዱን መልስላት። ውለታ አታስመስለው፤ ዝም ብለህ ቤት ተገኝ። ከዚያ አንድ ቀን፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ «ከእኔ ጋር መጸለይ ላንቺ ምን ይመስላል?» በላት። መልሱ ያምህ ይሆናል። የዚያን ማታ የአንተ ሥራ አለመመለስ ነው። «አዎ ግን እኔ እኮ...» ብለህ ከጀመርክ የቆየው ክርክር ይቀጥላል።

ልጅህን በተመለከተ «አላምንበትም» የሚለውን ቃል ገና አልሰማኸውም፤ በጥፊ ነው የቆረጥከው። የ15 ዓመት ልጅ እንዲህ ስትል በምክር ክፍሌ ውስጥ የምሰማው የተለያየ ነው። አንዷ እውነተኛ ጥያቄ አላት፤ አንዷ ከጓደኞቿ ፊት ታፍራለች፤ አንዷ የምትደብቀው ነገር ከብዷት ቁርባን መቅረብ ትፈራለች። አንዷ ደግሞ ስለ እግዚአብሔር ምንም ቅሬታ የላትም፤ ጸሎት ሲባል የሚሰማት የአባቷ ድምፅ ስለሆነ ብቻ ነው። ያንተ ልጅ የትኛዋ እንደሆነች አንተም እኔም አናውቅም። አብራችሁ የምትሠሩት ነገር ፈልግና ከጎኗ ሁን፤ ልጆች ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲጠየቁ ይዘጋሉ፣ እጃቸው ሥራ ሲይዝ ይከፈታሉ። ካወራችህ አታስተምራት።

በአሜሪካ ቬርን ቤንግትሰን የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970 የጀመረው ጥናት ቤተሰቦችን ከአያት እስከ የልጅ ልጅ ለአሥርት ዓመታት ተከታትሏል። ልጆች የወላጆቻቸውን እምነት መያዝ አለመያዛቸው በተለይ ከአባት ጋር ካላቸው መቀራረብ ጋር በብርቱ የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል። አባት ራሱ ሃይማኖተኛ ሆኖ ከልጁ ከራቀ ሃይማኖተኛነቱ ብዙ አይሻገርም። ዋስትና ግን አይደለም፤ ከሞቀ ቤት የወጡ ልጆችም ከእምነት ይርቃሉ። ቅዱስ ጳውሎስም ለቈላስይስ ሰዎች ሲጽፍ ልጆች ልባቸው እንዳይዝል አባቶች እንዳያበሳጯቸው ያስጠነቀቀው ስለዚሁ ነው። ልቡ የዛለ ልጅ ይታዘዛል፤ ግን መንፈሱ አብሮት አይደለም።

እሁድስ? አትጎትታት፤ ነገሩን እንደሌለም አትቁጠረው። «በዚህ ሰዓት እንወጣለን፤ ብትመጪ ደስ ይለኛል፤ ካልመጣሽ አልቆጣሽም» በላትና ቃልህን ጠብቅ። አንዳንድ ካህን እዚህ ላይ ከእኔ ጋር ላይስማማ ይችላል፤ የእሁድ ቅዳሴ ግዴታ ነው፣ ወላጅም ኃላፊነት አለበት ይልሃል፤ ልክ ነው። ከቁምስናህ አባ ጋር ተነጋገርበት፤ ስትነግረው ግን ጥፊውንም ጨምረህ ንገረው። ስትመለሱም «ዛሬ ምን እንዳመለጠሽ!» የምትል ወሬ ይዘህ አትግባ።

መቁጠሪያውን ለጊዜው አሳጥረው። ከአምስቱ ምሥጢራት (ከመቁጠሪያው ክፍሎች) አንዱ ይበቃል፤ መሪነቱንም ለባለቤትህና ለትንንሾቹ አዙረው። የቀሩትን አራቱን አንተ ብቻህን ጨርስ፤ በር ሳትዘጋ፣ ሰው እንዲያይልህም ሳትል።

እጅህ ሁለተኛ ከተነሳ፣ ወይም ንዴቱ ሲመጣ ምንም እንደማታስታውስ ከተሰማህ፣ በደብዳቤ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም፤ ሳትውል ሳታድር ባለሙያ ዘንድ በአካል ቅረብ።

ይህን መልስ ባለቤትህ ብታነበው ጥሩ ነው። አንተን የሚደግፉትን መስመሮች አስምረህበት ግን አትስጣት። ለልጅህ አታሳያት፤ ይቅርታውን ካንተ አፍ ትስማው።