የኃይሌ ገሪማን ፊልሞች ከየት ልጀምር?

«የፊልም ዳይሬክተሩን የኃይሌ ገሪማን ሥራዎች ከየትኛው ልጀምር? ቀስ ይላሉ ሲባል ሰማሁ» ላልከው፣ እኔ ብሆን በ«ጤዛ» እጀምራለሁ። የ2008 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ነው፤ ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ወስዷል። አንበርብር ከጀርመን ተመልሶ ጣና አጠገብ ያለው መንደሩ ይገባል። ታሪኩ በመስመር አይሄድም። ትዝታው በቁርጥራጭ እየመጣ ይገጣጠማል። መጀመሪያ ግር ይልሃል፣ አይዞህ።

ቀስ ይላሉ ያሉህ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን አይተው ይሆናል። እውነት ነው፣ ቀስ ይላል። ግን ሆን ተብሎ ነው። በ1974 (እ.ኤ.አ.) ክረምት፣ አብዮቱ እየፈነዳ ሳለ፣ በጥቁርና ነጭ ነው የተቀረጸው። ካሜራው ከሩቅ ይቆማል። ገበሬው በሬዎቹን ይዞ ሜዳው ላይ እንደ ነጥብ ይታያል፤ ባለርስቱ ደግሞ ከፍ ብሎ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሳደባል። ማን ከማን በላይ እንደሆነ ለማወቅ ንግግር እንኳ አያስፈልግህም። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቀን ግማሹን ተኝቼ ነው ያሳለፍኩት፣ አልዋሽህም። ሁለተኛው ላይ ነው የያዘኝ።

ጎንደሬው ኃይሌ በ1967 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ሄዶ ቺካጎ ትያትር፣ ከዚያ ሎስ አንጀለስ ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተማረ። ስለ ባርነት የሠራውን «ሳንኮፋ» የተባለ ፊልሙን አከፋፋዮች አንፈልግም ሲሉት ሲኒማ ቤት እየተከራየ ራሱ አሳየው። ዋሽንግተን ካለህ ጆርጂያ ጎዳና ላይ በዚሁ ስም ከባለቤቱ ጋር የከፈተው የመጻሕፍትና የፊልም መደብር አለ፤ ዲቪዲውን እዚያ ጠይቅ።